በጂቪ የተቀባው ወፍና የኔ ጉድ

ቪዲዮው ሳይደርሳችሁ እኔው ልቅደም!

ዛሬ ጂንካ ውስጥ፣ እንስሳት ክሊኒክ በር ላይ፣ የጫማ ካርቶን ታቅፋ፣ እንባዋን እያዘራች፣ «ኢመርጀንሲ ነው! አሳልፉኝ!» ስትል የተቀረጸችው ሴትዮ እኔ ነኝ።

አዎ፣ በአንድ እግሯ የባሏን ሸበጥ ያደረገችውም እኔው ነኝ።

ማን እንደቀረጸኝ አላውቅም። የቢሮ ልጆች ግን ከሰዓት በኋላ እየተቀባበሉ ላኩልኝ። አንዷማ «አንቺን የምትመስል ሴት አየሁ» ብላ ነው የላከችው። የኔ ጨዋ!

ስለዚህ ሙሉውን ከባለጉዳይዋ አፍ ስሙት።

መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በኢንቦክስ «የት ጠፋሽ?» ያላችሁኝ አላችሁ። ያልመለስኩት ኮርቼ አይደለም። ከጥቂት ወራት በፊት ልጃችንን ሆዴ ውስጥ እያለ አጣነው። ልወልድ ብዙም አልቀረኝም ነበር።

ይህን እዚህ ጽፌው አላውቅም። አሁን ጻፍኩት። እንቀጥል።

ባለቤቴ ኤርሚያስ ቱርሚ ነው የሚሠራው፣ መንገድ ሥራ ላይ። ሲመቸው ቅዳሜ ይመጣል፤ ካልተመቸው ኔትወርክ የፈቀደለት ቀን ይደውላል። እኔ የዲላ ልጅ ነኝ፤ ጂንካ የመጣሁት ተመድቤ ነው። ዘመድ የለኝም። ጎረቤት ነበረኝ፤ ግን ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ሲያንኳኩ እንደተኛሁ አስመስዬ ዝም ማለት ለመድኩ። ሰው ሲያጽናናኝ ይብስብኝ ነበር።

ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ሳይ ነበር የምውለው?

መስኮት።

ከመስኮቴ ፊት ለፊት የሎሚ ዛፍ አለ። እሱ ላይ አንድ ባልና ሚስት ቤት ሠሩ። ሰማያዊ ወፎች ናቸው፣ ከድንቢጥም የሚያንሱ። ስማቸውን የጠየቅኩት ሁሉ «ወፍ ናቸዋ!» ይለኛል። አመሰግናለሁ! እኔ ጉንዳን መስለውኝ ነበር!

ደረቅ ሳር እያመላለሱ ኳስ የመሰለ ጎጆ ሠሩ፤ በሩ በጎን በኩል ነው። ከእትዬ ማርታ ዶሮዎች የወደቀ ላባ እየለቀሙ ውስጡን አነጠፉት። እትዬ ማርታ የቤት አከራዬ ናቸው፤ ከጎፋ መጥተው እዚህ ልብስ እየሰፉ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት።

አባወራው ደግሞ ጉደኛ ነው! አንድ ረጅም ሳር በአፉ ይይዝና ሚስቱ ፊት ቅርንጫፉ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች እየነጠረ ይዘፍናል። ድምፁ ቀጭን ነው፣ የብስክሌት ፍሬን ይመስላል። እሷ ዞር ብላም አታየውም። እሱ ግን አይሰለችም!

ኋላ ላይ እንቁላል መጣ። ቀን ቀን በተራ ነበር የሚታቀፉት። እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች፤ እሷ ስትመለስ እሱ ይወጣል። ለኤርሚያስ ደውዬ «አየህ? በተራ ነው!» እለዋለሁ። እሱም «አየሁ የኔ ቆንጆ» ይላል፤ ምን እንዳየ እንጃ።

በረንዳው ላይ ዳጉሳ እበትንላቸው ጀመር። ውሃም በሳህን አኖርኩላቸው። ዳጉሳውን ለመበተን ከአልጋዬ እነሳለሁ። ገባችሁ አይደል? ለሌላ ነገር አልነሳም ነበር፤ ለእነሱ ግን እነሳለሁ።

ሰሞኑን ደግሞ ጫጩቶች ተፈለፈሉ! ዝናብ ዘንቦ ምስጥ ሲወጣ እናትና አባት ምስጥ ሲያመላልሱ፣ ከጎጆው ውስጥ ሲር ሲር የሚል ጫጫታ ሲሰማ... ወይ ደስታ!

አሁን «ይህን ያህል ስታያቸው ከርመሽ እንዴት ታዲያ...» ልትሉኝ ነው። ቆይ!

መነጽሬ ተሰብሯል። አዲሱ ከአርባ ምንጭ እየመጣ ነው ከተባልኩ ቆየ፤ በእግሩ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ እኔ ሳያቸው የነበሩት ሁለት ሰማያዊ ነጠብጣቦች ናቸው። አንዱ ይዘፍናል፣ ሌላዋ ትንቀዋለች። በዚህ ነው የምለያቸው።

ዛሬ ጠዋት ምን ነካኝ መሰላችሁ፤ ተነስቼ መስኮቱን ወለወልኩት። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ የመጀመሪያ የቤት ሥራዬ! ብርጭቆ መሰለ። በራሴ ኮርቼ ቆሜ ሳደንቀው...

ጧ!

አባወራው መስታወቱን በግንባሩ ገጨው።

ወጥቼ ሳይ በረንዳው ላይ በጎኑ ወድቋል። ዓይኑን ጨፍኗል፣ ደረቱ ቶሎ ቶሎ ይመታል። አንስቼ ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ አየሁት ማለት ነው።

ጉንጩ ደም ነው!

ቀይ፣ ትኩስ ደም! እኔ ነኝ የገደልኩት አልኩ። መነሳቴ ነው ያመጣበት፤ ተኝቼ ብቀር ኖሮ መስኮቱ እንደቆሸሸ ይቀር ነበር፣ ወፉም ይድን ነበር። ሰው ሲጎዳ እንዲህ ነው የሚያስበው፣ አትፍረዱብኝ።

ጥጥ አርሼ ጠረግኩት። ደሙ አልለቅ አለ። ደግሜ ጠረግኩ። ያው ነው! «ወይኔ፣ ደሙ አይቆምም!» ብዬ ምን አደረግኩ? ጂቪ አመጣሁ። ያቺን፣ ልጆች እያለን ጉልበታችን ሲላጥ የሚቀቡንን ወይን ጠጅ የቁስል መድኃኒት።

ጉንጩን ለቀለቅኩት።

ካርቶን ውስጥ ሻሼን አንጥፌ አስተኛሁት፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ ታቀፍኩት፣ በሩን ሳልዘጋ ሮጥኩ። ባጃጅ አገኘሁ።

«ወዴት ነው እህቴ?»

«ሐኪም ጋ! ቶሎ በል፣ እየደማ ነው!»

ሹፌሩ በነጠላ የተጠቀለለውን አየ። እንባዬን አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«ሕፃን ነው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ነጠላውን ወደ ደረቴ ሳብኩት።



ሰውየው ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ፣ ድንጋዩን እየሸሸ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነዳ። ፍየል የሚነዱ ሰዎች መንገዱን ሲዘጉበት አንገቱን አውጥቶ «እባካችሁ ሕፃን ይዣለሁ!» ብሎ ጮኸ። ለቀቁለት። አንዲት እናት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ጸለዩልን።

ለወፍ!

እኔ ከኋላ አለቅሳለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለወፉ ብቻ አልነበረም የማለቅሰው። ያን ጊዜ ከሆስፒታል ስወጣ እጄ ባዶ ነበር። ዛሬ እጄ ባዶ አልነበረም፤ ሰውም መንገድ እየለቀቀልኝ ነበር። ለጥቂት ደቂቃ እውነት በሆነ ብዬ ተመኘሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ባጃጁ ቆመ። የሰው ሆስፒታል በር ላይ።

«እዚህ አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ የት?»

«እንስሳት ክሊኒክ።»

ዞሮ አየኝ። ምን ምርጫ አለኝ? ነጠላውን ገለጥ አደረግኩለት።

ወፉን አየ። እኔን አየ። ወፉን ደግሞ አየ። በዚህች ምድር ላይ የምጠፋበት ቀዳዳ ብትኖር!

«እሱም ነፍስ ነው» አለና ማርሽ አስገባ።

ተመልከቱ እንግዲህ! ሌላ ሰው ቢሆን አውርዶኝ ይሄድ ነበር።

ክሊኒኩ ግቢ ወረፋ አለ፤ በሬ፣ ፍየሎች፣ አንድ የተቆጣ አህያ። ቪዲዮው ላይ የምትሰሙት ጩኸት እዚህ ጋ ነው። ከፊት የቆሙት በሬያቸውን ያመጡ አንድ የአሪ ገበሬ ናቸው፤ ትልቅ ሰው። እንባዬን አይተው በሬውን ወደ ጎን ሳቡት።

«ትለፍ፣ ትለፍ። የኔ ቆሞ ይጠብቃል» አሉ።

ዶክተሩ «ምንድን ነው ያመጣሽው?» ሲለኝ ክንዱን ሙሉ የሚሸፍን የላም ጓንት አጥልቆ ነበር። ካርቶኑን ከፈትኩለት። አየና ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀ።

«ጉንጩን ቆስሎ ነው ዶክተር። ደሙ አልቆም ሲለኝ ጂቪ ቀባሁት።»

በመዳፉ ያዘው። ግራ ጉንጩን አየ፤ ወይን ጠጅ። ገለበጠው።

ቀኝ ጉንጩም ቀይ!

ያውም ክብ። በሳንቲም ተለክቶ የተቀባ ይመስላል።

«ውይ! በዚህም በኩል ቆስሏል?!» ብዬ ጮኽኩ። ቪዲዮው ላይ ይህ በደንብ ይሰማል።

ዶክተሩ ከንፈሩን ነከሰ። ጨዋ ሰው ነው፣ በጣም ታገለ።

«እህቴ» አለኝ፣ «ቁስል አይደለም። ተፈጥሮው ነው። ወንዱ ጉንጩ ላይ እንዲህ አለው፣ ሴቷ የላትም። እንደ ፂም ቁጠሪው።»



ባለበሬው ሰውዬ አንገታቸውን አስግገው አዩና «ፂሙን ነው እንዴ የቀባሽው?» አሉኝ።

ሳቁ ያን ጊዜ ፈነዳ። የባጃጁ ሹፌር ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ዶክተሩ ጠረጴዛ ተደግፎ ሳቀ። አህያው እንኳ አናፋ፤ እሱ ግን በራሱ ጉዳይ ይሆናል።

እኔስ? አፍሬ ልቀልጥ ስል ድንገት የሆነ ነገር ገነፈለብኝ። ለቅሶ መስሎኝ አፌን ያዝኩ። ሳቅ ነው! ድምፁን ረስቼው ነበር።

ዶክተሩ ሲረጋጋ ቁምነገር ነገረኝ። ወፉ ግጭቱ ነው ያዞረው፣ ክንፉ ደህና ነው። ጨለም ባለ ካርቶን ውስጥ ጸጥ ብሎ ትንሽ ከቆየ ይነቃል። ውሃ በአፉ በግድ እንዳልሰጠው፣ ጂቪውንም እንዳላጥበው፤ ላባው ከራሰ ይበርደዋል። ቀለሙ ቀስ በቀስ ይለቃል።

«ጎጆ አለው?» አለኝ።

«ጫጩቶች አሉት።»

ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? ቶሎ መልሽው! እናትየዋ ብቻዋን አትችላቸውም። ምግብ ፍለጋ ከሄደች ደግሞ ይበርዳቸዋል።»

ባለበሬው ሰውዬ ግን አንድ ጥያቄ ቀራቸው። «ሚስቱስ በዚህ መልኩ ታውቀዋለች?»

ማንም አልሳቀም። ሁላችንም ዶክተሩን አየነው።

«እሱን... እኔም እንጃ» አለ።

ሰውየው ስልክ ቁጥሬን ተቀበሉኝ። እንድነግራቸው።

እየሮጥኩ ስወጣ ዶክተሩ ከኋላዬ ስለ ተርብ የሆነ ነገር ሲጮህ ሰማሁ። ለባለበሬው መስሎኝ ሄድኩ።

ስህተት!

ቤት ስንደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። እትዬ ማርታ ከሌሎቹ ተከራዮች ጋር በረንዳዬ ላይ ቆመዋል። ለካ እትዬ ማርታ ልብስ ሊለኩ ሲወጡ የቤቴ በር ተበርግዶ፣ ጥጥ መሬት ላይ ተበትኖ፣ ወለሉ ወይን ጠጅ በሆነ ነገር ተረጭቶ፣ እኔ የለሁም። በስልክ ቢደውሉ ስልኬ አልጋ ላይ ይጮኻል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለብሰው ሆስፒታል ሊፈልጉኝ እየወጡ ነበር።

እነዚያ በር ያልከፈትኩላቸው ሴቶች!

እትዬ ማርታ ትከሻዬን ይዘው «ልጄ፣ ምን ሆንሽብን?» አሉኝ። የመለኪያው ሜትር አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«እኔ ምንም አልሆንኩም። ወፉ ነው።»

ካርቶኑን ከፈትኩ። እንዴት ብዬ እንደነገርኳቸው አትጠይቁኝ። አንዷ እየሳቀች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች፣ ሌላዋ ጀርባዬን መታችኝ፣ እትዬ ማርታ «ጌታ ሆይ ተመስገን» እያሉ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

ወፉ ግን ዓይኑን ገልጧል! ይንቀሳቀሳል!

እናትየዋ ሎሚው ጫፍ ላይ ሆና እየተጣራች ነው። ጫጩቶቹም ይጮኻሉ። ካርቶኑን ይዤ ወደ ጎጆው ተጠጋሁ፤ ወፉ ቤቱን በደንብ እንዲያየው ብዬ በጣም ተጠጋሁ።

«ተርብ አለ! ተመለሺ!» አሉ እትዬ ማርታ።

ዘገዩ።

ለካ እነዚህ ወፎች ብዙ ጊዜ ከተርብ ጎን ነው የሚሠሩት፤ ጎጇቸውን የሚደፍር እንዳይኖር። ያለ መነጽር የሎሚ ፍሬ የመሰለኝ የተርብ ቤት ነበር። አንዱ ጉንጬ ላይ አረፈና የተመደበበትን ሥራ ሠራ።

ካርቶኑን ግን አልጣልኩም! ይህን ጻፉልኝ። እንባዬ እየፈሰሰ መሬት ላይ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩትና ሸሸሁ።

ከዚያ ሁላችንም በረንዳው ላይ ተደርድረን መጠበቅ ጀመርን። የባጃጁ ሹፌርም ሞተሩን አጥፍቶ መጣ። «ሳላይ አልሄድም» አለ።

አባወራው ካርቶኑ ጠርዝ ላይ ወጣ። ራሱን አራገፈ። በረረ! ልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ አረፈ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ እትዬ ማርታ አፋቸውን አስያዟቸው።

ሚስቱ መጣች። ትንሽ ራቅ ብላ አረፈች፤ እኔ የማላየውን ሴቶቹ በሹክሹክታ ይነግሩኛል። ወይን ጠጁን ጉንጭ አየች።

በረረች።

«አላወቀችውም» አለች አንዷ ቀስ ብላ።  እኔ የእትዬ ማርታን እጅ ይዤ ነበር፤ መቼ እንደያዝኩት እንጃ።

እሱ ወደ መሬት ወረደ። ሳር ፈለገ። ረጅም ሳር አነሳና ሎሚው ላይ ወጣ፣ እሷ ወዳለችበት ቅርንጫፍ። መንጠር ጀመረ። ገና ስላልጠና አንዴ ተንሸራተተ። ዘፈነ። ያን የብስክሌት ፍሬን የመሰለ ድምፁን አሰማ።

እሷ ዞር ብላም አላየችውም!

ማለትም... እንደ ሁልጊዜው!

ከዚያ ተጠጋችውና ያችኑ የተቀባች ጉንጩን በአፏ ነካ ነካ አደረገችለት። እሱ ሳሩን ጥሎ ወደ ጎጆው በር ሄደ፤ ጫጩቶቹ ተንጫጩ። አባታቸው ገባ።

በረንዳው ላይ የነበረውን እልልታ የሰማ ሰው ሠርግ አለ ብሎ ይሆናል።

እትዬ ማርታ ወደ ቤት አስገብተው በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ጉንጬ ላይ ያዙልኝ። ጉንጬ ዳቦ አክሏል። ሌሎቹ ማብሰል ጀምረው ነበር፤ በኔ ምድጃ፣ ሳያስፈቅዱኝ።

እትዬ ማርታ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔም የመጀመሪያዬን አጥቻለሁ» አሉኝ። «ያኔ እኔም በር አልከፍትም ነበር።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ምንም። ሰው አንኳኳ፣ አንኳኳ፣ አንድ ቀን ከፈትኩ።» ጨርቁን ገልብጠው ያዙልኝ። «ዛሬ አንቺም ከፈትሽ። ዘግተሽ መሄድ ረስተሽም ቢሆን።»

አብረን ሳቅን። ትንሽም አለቀስን። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቻላል ለካ!

ባለበሬው ሰውዬ ደወሉ። «ታረቁ?» «ታረቁ ጋሼ!» «እግዚአብሔር ይመስገን። በሬዬም ተሻለው» ብለው ዘጉ።

ከዚያ ኤርሚያስ ከቱርሚ በቪዲዮ ደወለ። ኔትወርኩ ፊቴን ቀስ በቀስ ነው ያወጣለት። ጉንጬ ሲደርሰው «ማነው የመታሽ?!» ብሎ ጮኸ። ልነግረው አፌን ስከፍት ሳቅ ቀደመኝ። ማቆም አቃተኝ። ወፉን፣ ፂሙን፣ ባጃጁን፣ አህያውን እያደባለቅኩ ነገርኩት፤ ከኋላ ሴቶቹ የረሳሁትን ይጨምሩልኛል።

 ኔትወርክ የጠፋ መስሎኝ «አለህ?» አልኩት።

«አለሁ» አለ። «ትንሽ ሳቂ እስቲ። እየሰማሁሽ ነው።»

ይህን ስጽፍ ሁሉም ወደየቤታቸው ሄደዋል። ጎጆው ውስጥ አንድ የተቀባ አባወራ አለ፣ ጉንጬ አሁንም ይጠዘጥዛል፣ ቪዲዮውም ዲላ ደርሷል፤ እናቴ ደውላለች። ሼር አድርጉት፣ ግድ የለም። የምትስቁብኝ ሁሉ ዕድሜ ይስጣችሁ።

ባጃጁን፣ ባለበሬውን፣ ዶክተሩን፣ ግቢዬን ሁሉ፣ አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው።

አሁን ግን አንድ ነገር ምከሩኝ። ምድጃዬ ላይ የሰው ድስት ተረስቷል፣ ገና ግማሽ ወጥ አለበት። ያመጣችውን ሴት መልኳን አውቀዋለሁ፣ እዚሁ ግቢ ነው የምትኖረው፣ ዛሬ አቅፋኝ አልቅሳለች። ስሟን ግን አላውቀውም! ይህን ያህል ጊዜ አጥር ለአጥር ኖሬ፣ ወጧን በልቼ፣ ድስቷን ይዤ በሯን አንኳኩቼ «ለመሆኑ ስምሽ ማን ነው?» ይባላል እንዴ?